ዜማው የማን፣ ምስሉ የማን፦ የምሥራቅ ጎጃም ሴት ከእንግጫ እስከ ክሊፕ

በ2009 ዓ.ም. የገና ዋዜማ የብሪታንያ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት፣ «የኛ» ለተባለው የኢትዮጵያ የሬዲዮ ድራማና የሴቶች የሙዚቃ ቡድን ሲሰጥ የቆየውን ገንዘብ እንደሚያቆም አስታወቀ። ዴይሊ ሜይል የተባለው የለንደን ጋዜጣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የቡድኑን አምስት ወጣት ሴቶች በእንግሊዙ የሴቶች የሙዚቃ ቡድን ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ፣ በእንግሊዝ ግብር ከፋይ ገንዘብ የሚዘፍኑ አድርጎ በተደጋጋሚ ጽፎባቸዋል። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፦ የእርዳታ ገንዘቡን ከዚህ በተሻለ የሚያውሉበት ሌላ መንገድ አለ የሚል።

የውሳኔው ዜና የወጣው በለንደን ነው። ጉዳዩ ግን የአማራ ክልል ጉዳይ ነበር። ድራማው በአዲስ አበባ በሸገር ኤፍኤም ይተላለፍ እንጂ፣ ትልቁ አድማጩ በአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን ሬዲዮ የሚከታተለው የገጠርና የትንንሽ ከተሞች ሰው ነበር። ካነሣቸው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱም ያለዕድሜ ጋብቻ ነው፤ ይህ ልማድ ደግሞ እንደ ጎጃም ሥር የሰደደበት አገር ጥቂት ነው። ስለዚህ የዘፈን ክሊፕ ሴትን እንዴት አድርጎ አሳየ የሚለውን ጥያቄ የሚመረምር ሰው፣ ከለንደን ጋዜጦች ይልቅ በቢቸናና በሞጣ መካከል ካለችው ከደብረ ወርቅ አካባቢ ቢነሣ ይሻለዋል።

ይህ አገር ሴትን ያላወቀ አገር አይደለም። ደብረ ወርቅ ራሷ የምትታወቀው በአንዲት ሴት ሥዕል ነው፤ በትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት በሚባለው የእመቤታችን ሥዕል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መርጡለ ማርያም አለች፣ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን ሲመጣ፣ ጎጃም የእሌኒ ግዛት እንደነበረች ጽፏል። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናገኛለን፤ ዐይነ ስውር ሆነው ቅኔን ከአባታቸው የተማሩ፣ ኋላም ጉባኤ ዘርግተው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩ የጎጃም የቅኔ መምህርት ናቸው። እሌኒና እማሆይ ገላነሽ ከተለመደው ወጣ ያሉ ናቸው፤ ልማዱ አልነበሩም። ሆኖም በዚህ ምድር የሴት ድምፅ ባዕድ ነበር ማለት አይቻልም።

የተራዋ ሴት ድምፅም ቦታ ነበረው። በምሥራቅ ጎጃም ዘመን ሊለወጥ ሲል ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ። ሣሩን ነቅለው እየጎነጎኑ፣ ከሜዳ ወደ ሰፈር እየተመለሱ፣ ተራ በተራ እያወጡና እየተቀበሉ ይዘፍናሉ። በዚህ ዘፈን ውስጥ ልጅቱ የወደደችውን ታሞግሳለች፤ የጠላችውን ትሸነቁጣለች፤ በሌላ ቀን በአባቷ ፊት የማትናገረውን በዚያ ቀን በዜማ ትናገራለች። ሰርግ ላይ ሙሽራዋን የሚሸኙት፣ ሐዘን ላይ ሙሾ የሚያወርዱት፣ ወፍጮ ላይ የሚያንጎራጉሩት ሴቶች ናቸው። ማሲንቆውን የሚይዘው አዝማሪ ወንድ ቢሆንም፣ አጠገቡ ቆማ የምትዘፍነውና እስክስታ የምትመታው ብዙ ጊዜ ሚስቱ ናት። ግጥሙን የምታወጣው ሴት ናት። ምስሏን ደግሞ ማንም አልያዘውም ነበር፤ የሚያያት በዚያ የተገኘ ሰው ብቻ ነው።

ድምፅን መቅዳት የተጀመረው በወንድ ነው። ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። መድረኩም እንደዚያው በወንድ ተጀመረ። ከደብረ ኤልያስ ጎጃም የወጡት ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቲያትርና መዝሙር በሚያዘጋጁበት ዘመን፣ የሴትን ገፀ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ጥሩ ቤተሰብ ልጁን ለመድረክ አይሰጥም፤ መድረክ ላይ የወጣች ሴትም ስሟ ይጠፋል። ይህን አጥር ከሰበሩት ቀዳሚዎቹ አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ «ዳዊትና ኦርዮን» በተባለ ቲያትር ላይ ተጫወተች፤ ከዚያም ክራሯን ይዛ ለረጅም ዘመን ዘፈነች። ሜሪ አርምዴም ክራር ይዛ በተመልካች ፊት የተቀመጠች ሴት ነበረች። ሁለቱም ለነፃነታቸው የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ካረፈች በኋላ፣ ሕይወቷን ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» በሚል ዘጋቢ ፊልም አስቀርታዋለች። ሴት የሴትን ታሪክ በካሜራ የያዘችበት ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዘፋኝ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ከማይክሮፎን ፊት ቆሞ ይዘፍናል። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ቢበዛ ከፊት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ፊት ይሄዳል። በዚህ ዓይነት አቀራረጽ ውስጥ ሴት ዘፋኝም ወንድ ዘፋኝም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚታየው ዘፋኙ ነው። ለውጡ የመጣው የደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ቡድን ተቋቋመ፤ በጎጃም ጊሽ ዓባይ፣ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በወሎ ላሊበላ። እነዚህ ቡድኖች ለሙዚቃችን ያበረከቱት እጅግ ብዙ ነው፤ ከገጠር የመጡ ሴት ልጆች ደመወዝ የሚከፈላቸው ከያኒ የሆኑት በእነዚህ ቡድኖች ነው። በሌላ በኩል ግን፣ ሜዳ ላይ በክብ የሚጨፈረው ጭፈራ መድረክ ላይ ሲወጣ በረድፍ ተሰለፈ። ወንዶቹ ዱላ ይዘው በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ እንስራ ወይም ቅል ይዘው በሌላ በኩል፤ ወንዱ ይፎክራል፣ ሴቷ ታፍራለች። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲቃረብ ቴሌቪዥኑ ባለቀለም ሆነና ይኸው ሰልፍ በመላ አገሪቱ ታየ። በእኔ ዕይታ፣ ዛሬ «የጎጃም ክሊፕ» ሲባል ዐይናችን ላይ የሚመጣው ሥዕል ንድፉ የወጣው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመሣሪያ ታሪክ ነው። ካሴት፣ ቪኤችኤስ፣ ቪሲዲ፣ ከዚያም ዩቲዩብ። ክሊፕ መሥራትን አብዛኛው ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። ቪዲዮ ካሜራ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች የገባው በሰርግ ነው፤ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ካሜራ ይገዛል፣ ሰርግ ይቀርጻል፣ ኤዲቲንግ ከጓደኛ ይማራል፣ አንድ ቀን ዘፋኝ ይመጣና ክሊፕ ሥራልኝ ይለዋል። የሰርግ ቀራጺ ዐይን የለመደው ሙሽሪትን ማሳመር ነው፦ ዝቅ ያለ ፊት፣ የእጅ ሂና፣ የአንገት ጌጥ። ይህ ዐይን እንዳለ ወደ ክሊፕ ተሻገረ።

አንድ የጎጃም ዘፈን ክሊፕ ሲቀረጽ ቀርቦ ማየት ብዙ ያስተምራል። ዘፈኑ ቀድሞ ስቱዲዮ ተቀድቶ አልቋል። ሎኬሽኑ ላይ ከስፒከር ይለቀቃል፤ ዘፋኙ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ይኸው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ደጋግሞ ይጮኻል፦ አንዴ ሰፊው ሜዳ በድሮን፣ አንዴ ዘፋኙ ከወገብ በላይ፣ አንዴ ተወዛዋዦቹ። ዘፋኙ ላይ ካሜራው ፊት ለፊት ነው፤ ተመልካቹን እያየ ይናገራል። ሴቷ ላይ ሲመጣ ግን ካሜራው ከጎን ወይም ከኋላ ይሆናል። ከወንዝ እንስራ አዝላ ስትመለስ፣ ቡና ስትቀዳ፣ ሹሩባዋ ሲወዛወዝ፣ መቀነት የታሠረበት ወገቧ ላይ። ትከሻዋ እስክስታ ሲመታ ስሎሞሽን ይገባል። ከዚያም ኤዲተሩ በከበሮው ምት ላይ ይቆርጠዋል፤ የወንዱ ፊት፣ የሴቷ ትከሻ፣ የወንዱ ፊት፣ የሴቷ ወገብ። ዘፈኑ ሁሉ ስለ እሷ ነው፤ ግጥሙ ውበቷን፣ አረማመዷን፣ አገሯን ይጠራል። እሷ ግን በአራት ደቂቃ ውስጥ አንዲት ቃል አትናገርም። ያቺ በእንግጫው ሜዳ ግጥም የምታወጣው ልጅ፣ ክሊፑ ውስጥ ስትገባ ድምፅዋን ደጅ ትታ ነው የምትገባው።

ይህን ለማድረግ ማንም አልተማከረም፤ ክፉ ሐሳብም የለበትም። የሚከፍለው ዘፋኙ ነው፣ ወይም ፕሮዲዩሰሩ፤ ስለዚህ ካሜራው የከፈለውን ሰው ተከትሎ ይሄዳል። ሴት ዘፋኝ ስትከፍል ሥዕሉ ይለወጣል። ቻግኒ ተወልዳ ያደገችው እጅጋየሁ ሽባባው በ1993 ዓ.ም. በስሟ የወጣውን አልበም ለዓለም ስታሰማ፣ የጎጃም ሴት ልጅ ራሷ ዜማዋን ይዛ በመሐል ቆማለች፤ ማንም የሚከልላት የለም። ግን እንደ እሷ አልበም ለማውጣት የሚበቃ ገንዘብና ዕድል የሚያገኙት ሴቶች ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ሥራ ከጀመረ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው፣ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ሰት ጃሊ የዘፈን ክሊፖችን ሰብስቦ፣ ዘፈኑን አጥፍቶ ምስሉን ብቻ ለተማሪዎቹ ማሳየት ያዘ። ሥራው «ድሪምወርልድስ» በሚል ፊልም ሲሰራጭ ኤምቲቪ በክስ አስፈራራው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ማሳየቱን ቀጠሉ። የፊልም ሃያሲዋ ሎራ መልቪ ደግሞ ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በሲኒማ የሚያየው ወንድ የምትታየው ሴት መሆኗን አመልክታ ነበር። የጃሊን ዘዴ በአገራችን ክሊፖች ላይ መሞከር ለማንም ቀላል ነው። ድምፁን አጥፍቶ የሚያይ ሰው ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚታይ በአንድ ጊዜ ይለየዋል።

«የኛ» የመጣው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። የናይኪ ፋውንዴሽንና የብሪታንያ መንግሥት በጋራ ያቋቋሙት ገርል ሀብ፣ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ድራማውንና ሙዚቃውን አንድ ላይ አስጀመረ። በድራማው ውስጥ ሚሚ፣ እሙዬ፣ ሣራ፣ መላትና ለምለም የተባሉ አምስት ልጃገረዶች አሉ፤ ኑሯቸው የተለያየ፣ ሙዚቃ ያገናኛቸው። የተጫወቱትም ዘብይባ ግርማ፣ ኢየሩሳሌም ቀለመወርቅ፣ ለምለም ኃይለ ሚካኤል፣ ተረፍ ካሣሁንና ራሔል ጌቱ ናቸው። የመጀመሪያ ዘፈናቸው «አቤት» ይባላል። ቀጥሎ ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ» የሚል ዘፈን ሠሩ፤ በጎንደር የተወለደችው ታላቅ ድምፃዊት ከአምስት ጀማሪዎች ጋር ቆማ የእቴጌይቱን ስም ስትጠራ፣ በቴሌቪዥን ለሚያያቸው ልጅ ትልቅ ነገር ነበር። አምስት ሴቶች፣ አምስት ፊቶች፣ ሁሉም ወደ ካሜራው እያዩ የሚዘፍኑ፤ የሚያጅባቸው እንጂ የሚሸፍናቸው ወንድ የለም። ከላይ ያነሣሁት የኪነት ሰልፍ እዚህ ላይ ፈርሷል። የ«የኛ» ትልቁ ውለታ ይህ ይመስለኛል፤ ከመልእክቱ በላይ ቅርጹ።

ውጤቱን በተመለከተ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደጋፊዎቹ ክሊፑና ድራማው ያለዕድሜ ጋብቻን እንደሚቀንሱ ተስፋ አደረጉ፤ ተቃዋሚዎቹ ገንዘብ ባከነ አሉ። ገና ድራማው ሳይጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታንያን እርዳታ የሚመረምረው ገለልተኛ ኮሚሽን የገርል ሀብን አሠራር ፈትሾ ድክመቶች እንዳሉበት ጽፎ ነበር። የኢትዮጵያን የሕዝብና ጤና ጥናት ያየን እንደሆነ፣ በ2003 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ አማካይ ዕድሜ 14.7 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ከዚያ ከፍ አለ። ይህን ልዩነት የ«የኛ» ፍሬ ነው ማለት ግን አይቻልም። በ2008 ዓ.ም. የተጠየቁት ሴቶች ትንሿ 25 ዓመቷ ነው፤ አብዛኞቹ የተዳሩት ድራማው ሳይታሰብ ነው። ዕድሜውን የገፋው በአመዛኙ ሕጉና ትምህርት ቤቱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይፈቅድ የነበረውን፣ የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 አደረሰው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ቀበሌ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ፣ ልጃገረዶችን በቡድን እያሰባሰበና ትምህርት ቤት እያቆየ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻን እጅግ ቀንሶ አሳይቷል። ዘፈን ይህን አይተካም። ዘፈን የሚያደርገው ልጅቱ ራሷን በምን ዐይነት መልክ እንደምታስብ መለወጥ ነው፤ ይህን ደግሞ በአማካይ ዕድሜ መለካት ያስቸግራል።

የብሪታንያ ገንዘብ በተቋረጠበት በዚያው 2009 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ላይ የድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» አልበም ወጣ። ከዘፈኖቹ አንዱ «ማር እስከ ጧፍ» ነው፤ የተመሠረተውም በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የታሪኩን ትልቅ ክፍል ያዋለው በዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ በቢቸና አገር፣ ከደብረ ወርቅ በማይርቅ ቦታ። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፣ በአባቷ ትዕቢት ቤት የቀረች። በመምህሯ በበዛብህ እጅ ፊደል ቆጥራለች፣ ወድዳለች፣ ኋላም ከቤት ወጥታ ፍቅሯን ፍለጋ ተጉዛለች። ስለዚህ አገር ሴት ከተጻፉት ገፀ ባሕርያት የምታስበውን እያወቅን የምንከተላት እሷ ናት። ዘፈኑ በመላ አገሪቱ ተሰማ፤ ሰብለን ስሟን የማያውቁ ወጣቶች ስሟን አወቁ። ግን በዘፈኑም ውስጥ ታሪኳን የሚነግረን ወንድ ነው። ይህን የምለው ዘፈኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከውጭ ገንዘብ ሳይጠብቅ የጎጃምን ሴት ከፍ ያደረገ ሥራ ነው። የምለው፣ ሰብለ ራሷ የምትዘፍንበት ሥራ እስካሁን አለመምጣቱ ያሳዝናል ነው።

የሚመጣውም ካሜራውን የሚይዙት ሲለወጡ ነው። መሣሪያው ረክሷል፤ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ በፎቶ ካሜራ የፊልም ጥራት ያለው ቪዲዮ መቅረጽ ተቻለ፤ ዛሬ ስልኩም ይበቃል። የ«አቡና»ንና የ«ዳራት»ን ፊልሞች የቀረጸው አብርሃም ኃይሌ ብሩ አዲስ አበባ ላይ ብሉ ናይል የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚን ሲከፍት፣ ለሙያው ትምህርት ቤት ተገኘለት። ከደብረ ወርቅ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ግን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቧም ፈቃድ ያስፈልጋታል። የቀሩት የሚማሩት ከዩቲዩብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ሲነሣና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህም በር ተዘጋ፤ የተሠራ ክሊፕ የሚጫንበት፣ ኤዲቲንግ የሚለማመዱበት መንገድ ጠፋ።

ሌላው መንገድ ሕጉ ነው፣ ብዙ ሰውም አያነሣውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ለሚላቸው ሰዎች መብት ይሰጣል፤ ከእነዚህም ውስጥ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ተወዛዋዥም አለ። ክሊፑ መጨረሻ ላይ የዳይሬክተሩ፣ የካሜራው፣ የኤዲተሩና የከለሩ ባለሙያ ስም ይጻፋል። እንስራ አዝላ ከወንዝ የወጣችው፣ ትከሻዋ በስሎሞሽን የታየው ልጅ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ስምምነቱ በቃል ነው፣ ክፍያውም የዕለት። ስሟን ማስጻፍና ውል መፈረም ግን ገንዘብም ትምህርት ቤትም የማይጠይቅ ነገር ነው። ክሊፕ ለሚያሠራ ዘፋኝም፣ ለሚሠራ ዳይሬክተርም፣ ከነገ ጀምሮ ማድረግ የሚቻል ነው።